ፎረሸ፣ ፎረፈ፣ ከሸፈ፦ ለምን ይምታቱብናል?

በዚህች መጽሔታችን የሚወጡትን አጫጭር ልብ ወለዶች ሳነብ አንድ ነገር ይከነክነኛል። ነገር ሁሉ «ይፎርሻል»። ቀጠሮ ይፎርሻል፣ ፍቅር ይፎርሻል፣ ፈተናም ይፎርሻል። የአራዳ ቃል ጽሑፍ ውስጥ መግባቱን የምቃወም አይደለሁም፤ የምቃወመው አንዱ ቃል የሌሎቹን እንጀራ መብላቱን ነው።

እስቲ እንያቸው። ከሸፈ የጥይት ቃል ነው፤ ቃታ ተስቦ ጥይቱ ሳይተኩስ ሲቀር። እንግዲህ የከሸፈ ነገር ተሞክሯል፣ እሳቱ ሊያያዝ ትንሽ ቀርቶት ነበር። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም በ2005 ዓ.ም. ባሳተሙት መጽሐፍ ርእስ ላይ «መክሸፍ» ያሉት እንዲያው በከንቱ አይመስለኝም። «መፎረሽ» ብለውት ቢሆን ኖሮ ገና ሽፋኑን አይተን እንስቅ ነበር። ፎረሸ፣ ወይም ፉርሽ ሆነ፣ የቀጠሮና የዕቅድ ነው፤ ሳይጀመር ይቀራል፣ ጥፋተኛውም አይታወቅም። ፎረፈ ደሞ ባለቤት አለው፦ ክፍል የፎረፈ ተማሪ በገዛ እግሩ ነው የቀረው። ከኳሱ ፎርፌ ጋር ዝምድና ያለው ይመስለኛል፤ እዚያም የሚሸነፈው ያልመጣው ቡድን ነው። ፎርጅድን ከነዚህ ጋር የሚደባልቅም አይጠፋም፤ እሱ ግን ሐሰተኛ ነገር እንጂ ያልተሳካ ነገር አይደለም። (ፉርሽካን ለከብቶቹ እንተውላቸው።)

ያረጀ ነገርም እንደዚሁ ነው። ነተበ የጨርቅ ነው፣ ነቀዘ የእህል፣ ነፈሰበት የፋሽን፣ ጃጀ የሰው። ሳልባጅ ግን የግድ ያለቀ ማለት አይደለም፤ ሌላ ሰው ለብሶት ከባሕር ማዶ በቦንዳ የመጣ ነው፣ ከአዲሱ የሚበረታም አለ። ድሪቶና ቡትቶም አንድ አይደሉም። ድሪቶ ላይ መርፌ አርፎበታል፣ ቡትቶ ላይ አላረፈም። ስለዚህ ልጁን «ድሪቶ ለብሶ» ወይም «ቡትቶ ለብሶ» ብሎ መጻፍ፣ ቤት ውስጥ የሚጥፍለት ሰው አለ ወይስ የለም ብሎ መጻፍ ነው።

ነገሩ የሚከፋው ወደ ገጠር ስንወጣ ነው። ታሪኩን ዋግ እንወስደውና፣ ከሰቆጣ አልፈን አበርገሌ፣ ኒሯቅ እንወርድና፣ ፍየል አርቢውን ገበሬ «ክረምቱ ፎረሸ» እናሰኘዋለን። የዚያ አገር ሰው ቤቱ ውስጥ ኽምጥኛ ይናገር ይሆናል፤ በአማርኛ ሲያወራ ግን ዝናብ ቀረ፣ ሰብሉ መከነ ይላል እንጂ የካምፓስ ቃል ምን አስዋሰው? መከነ ስንል ዘሩ መሬት ገብቷል፣ ጉልበት ፈሷል፣ የጠፋው ፍሬው ነው። በ1977 ዓ.ም. ዋግን የመታውን ድርቅ «ክረምት ፎረሸ» ብሎ መጻፍ፣ የዚያን ሁሉ ሰው ሞት የተሰረዘ የሻይ ቀጠሮ ማስመሰል ነው።

ይልቅ ለዕረፍት ከካምፓስ የተመለሰ ልጅ አባቱን «ፈተናው ፎረሸብኝ» ቢላቸው፣ እሳቸውም «ወደቅህ ወይ?» ብለው ቢጠይቁት፣ ያኔ ቃሉ ቦታውን አገኘ። ልጁ ጥፋተኛ የሌለውን ቃል የመረጠው አውቆ ነውና።