በአውድማው ላይ የወደቀው ልጅ፦ የጄምስ ባልድዊንን ልብ ወለድ ከአራዳ ሆኖ ማንበብ

ጄምስ ባልድዊን የመጀመሪያ ልብ ወለዱን እ.ኤ.አ. በ1953 ሲያሳትም «ጎ ቴል ኢት ኦን ዘ ማውንቴን» ብሎ ሰየመው። ስሙ ከጥቁር አሜሪካውያን የገና መዝሙር የተወሰደ ሲሆን «ሂዱ፣ በተራራው ላይ አውጁት» እንደ ማለት ነው። አውጁ የሚል ስም የያዘው መጽሐፍ ግን የልቡን ነገር ለማንም ሳይናገር ስለሚድን ልጅ ይተርካል። ይህ ጽሑፍ መጽሐፉን ለእናንተ ለመጋቢዎችና ለነገረ መለኮት ተማሪዎች የሚያስተዋውቀው በአንድ ምክንያት ነው። ቤተ ክርስቲያን ለአንዱ ኃጢአት ስምና መድረክ ሰጥታ ለሌላው ዝምታን ብቻ ስትሰጥ በአንድ ወጣት ነፍስ ላይ ምን እንደሚደርስ፣ እኔ ከማውቃቸው ልብ ወለዶች መካከል ይህን ያህል አቅርቦ ያሳየ የለም።

ልጁ ጆን ግራይምስ ይባላል። ታሪኩ እ.ኤ.አ. በማርች 1935፣ 14 ዓመት በሞላበት ቅዳሜ ማለዳ በኒውዮርክ ሃርለም ይጀምርና እሑድ ጎሕ ሲቀድ ያበቃል። ቤተሰቡ የሚያመልክበት ቤት ቀድሞ ሱቅ በነበረ ክፍል የተከፈተ ትንሽ የጴንጤቆስጤ ጉባኤ ነው። አባቴ የሚለው ገብርኤል የጉባኤው ዲያቆን ነው፤ የእንጀራ አባቱ መሆኑን ግን ልጁ አያውቅም። ሰፈርተኛው ሁሉ ጆን ሲያድግ ሰባኪ እንደሚሆን ይናገራል። በዚያው ቀን እናቱ በሰጠችው ጥቂት ሳንቲም ሲኒማ ቤት ገብቶ ይወጣል፤ በቤተ ክርስቲያኑ ዘንድ ይህም ኃጢአት ነው። በፒያሳ ሲኒማ ኢትዮጵያ ወይም ሲኒማ አምፒር ደጃፍ ላይ ማንም አማኝ እንዳያየው አንገቱን ደፍቶ ያለፈ የዱሮ ወጣት ይህን ክፍል ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል።

ከሲኒማው የከበደው ምስጢር ግን ሌላ ነው። የጆን ልብ ወደ ወንዶች ይሳባል። ትምህርት ቤት ውስጥ ብቻውን ሆኖ ስለ ትልልቆቹ ልጆች ያሰበው አሳብ ያስፈራዋል፤ በሰንበት ትምህርት ሰዓት የሚያስተምረውን የ17 ዓመቱን ኤሊሻን እያየ ትምህርቱን ይስታል። ባልድዊን ይህን ስሜት በስም አይጠራውም። ልጁ ራሱ ስም የለውም፤ ስም የሚሰጠው ሰው ደግሞ በዙሪያው የለም።

ደራሲው የሚጽፈው ከሚያውቀው ነው። ባልድዊን ራሱ በሰባኪ የእንጀራ አባት እጅ ያደገ፣ ከ14 ዓመቱ እስከ 17 ዓመቱ በሃርለም መድረክ ላይ የሰበከ ልጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1948 አገሩን ለቆ ወደ ፓሪስ ሄደ፤ መጽሐፉንም የጨረሰው በስዊዘርላንድ ተራራማ መንደር ነው። መጽሐፉ በወጣበት በ1953 ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በፈረሙት ትእዛዝ ቁጥር 10450 መሠረት እንደ ጆን ያሉ ሰዎች ከአሜሪካ መንግሥት ሥራ ይባረሩ ነበር። ዘመኑ ለጥቁር ሰው ጭቆና ነበረ፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ጥቁር ልጅ ደግሞ ጭቆናው ድርብ ነበረ።

አሁን ወደ አንድ ትዕይንት ላምራችሁ። ኤሊሻ ኤላ ሜ ከምትባል ወጣት እህት ጋር አዘውትሮ መታየቱ ስለተሰማ፣ የጉባኤው መጋቢ ሁለቱን በምዕመናን ፊት አቁሞ ይገሥጻቸዋል። ገና አልወደቁም፤ መጋቢው እንዳይወድቁ ነው የሚያስጠነቅቃቸው። ተግሣጹ ያሳፍራል፣ ያስለቅሳልም። ነገር ግን ቤተ ክርስቲያኑ ወንድና ሴት ሲቀራረቡ የሚሆነውን ያውቃል፤ ቃል አለው፣ ሥርዓት አለው፣ የመመለሻ መንገድም አለው። ጆን ይህን ሁሉ ተቀምጦ ያያል። እርሱ ለኤሊሻ የሚሰማው ነገር ግን ተግሣጽ እንኳ የማይደርስበት ስፍራ ላይ ነው። ባልድዊን በዚህ ላይ አንዲት ቃል ሐተታ አይጨምርም፤ ትዕይንቱን አስቀምጦ ያልፋል። የመጽሐፉ ዋና ጥያቄ ያለው እዚህ ይመስለኛል።

መካከለኛው ክፍል የቅዱሳኑ ጸሎት ነው። አክስቱ ፍሎረንስ፣ ገብርኤልና እናቱ ኤልሳቤጥ በየተራ ይጸልያሉ፤ ከእያንዳንዱ ጸሎት ሥር የተደበቀ ታሪክ ይገለጣል። ገብርኤል በደቡብ ሰባኪ ሳለ በሚስቱ በዲቦራ ላይ ከአስቴር ጋር አመነዘረ፤ አስቴር ስትጸንስ ሚስቱ ያጠራቀመችውን ገንዘብ ሰርቆ አሰናበታት፤ የወለደችውንም ልጅ ልጄ ነው ሳይል ልጁ አድጎ ሞተ። ይህ ሰው ዛሬ በልጆቹ ላይ ቀበቶ ያነሣል። ጆን ወደ ጸሎት ቤቱ የሚገባው ኃጢአተኛ እኔ ብቻ ነኝ ብሎ ነው፤ አንባቢው ግን በዚያ ክፍል ውስጥ ንጹሕ ሰው እንደሌለ ያውቃል። በሮሜ 1 መጨረሻ ላይ በአሕዛብ ኃጢአት ራሱን የነቀነቀውን አንባቢ ጳውሎስ በሮሜ 2፥1 ዞሮ እንደሚይዘው፣ ባልድዊንም እኛን ይይዘናል።

ሦስተኛው ክፍል «አውድማ» የሚል ርእስ አለው። ጆን በመሠዊያው ፊት ይወድቅና ሌሊቱን በጨለማ ራእይ ውስጥ ያሳልፋል። ቃሉ ለእኛ ከአሜሪካውያን አንባቢዎች ይልቅ ቅርብ ነው፤ በሬ ሲያበራይ፣ ገበሬ ነፋስ ጠብቆ በመንሽ ሲያዘራ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። በማቴዎስ 3፥12 መንሹ በጌታ እጅ ነው። ሃያሲዎች የጆን መዳን እውነተኛ ነው ወይስ ደራሲው እየተሣለቀ ነው እያሉ ይከራከራሉ። በእኔ ንባብ መዳኑ እውነተኛ ነው፤ ልጁ ከጨለማው ሲነሣ ደስታው የተውሶ አይደለም። ሆኖም ጎሕ ሲቀድ የሚነሣው ምስጢሩን እንደ ያዘ ነው። ገብርኤል ፈገግ አይልለትም። ኤሊሻ ግንባሩን በተቀደሰ አሳሳም ይስመዋል፤ ጆንም የሚደርስብኝ ሁሉ ቢደርስ ዛሬ ሌሊት እዚያ እንደ ነበርሁ አስብልኝ ብሎ ይማጸነዋል። ይህን ልመና ያነበበ መጋቢ ልጁ ወደፊት ምን እንደሚፈራ ማስተዋል አለበት።

ይህ የሩቅ አገር ታሪክ አይደለም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሶሺዮሎጂ መምህር የሆኑት ጌትነት ታደለ እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳተሙት ጥናት የሚመለከተው በዚህችው ከተማ በስውር የሚኖሩ እንዲህ ዓይነት ወንዶችን ነው። የእኛው ሥነ ጽሑፍስ? አራዳ ስለ ሥጋ ምኞት ዝም ያለ ሰፈር ሆኖ አያውቅም። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ»ን የጻፈው ከፒያሳ አጠገብ ስለነበረው ስለ ውቤ በረሃ የሌሊት ሕይወት ነው። መጽሐፉ በግልጽነቱ ምክንያት ለአሥርተ ዓመታት ሳይታተም ቆየ፤ የፈረንሳይኛ ትርጉሙ እ.ኤ.አ. በ2004 ወጣ። ዛሬ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ቤተ ክርስቲያንም ለውቤ በረሃዋ ሴትና ለደንበኛዋ የምትለው አላት፤ ሉቃስ 7 አለ፣ ዮሐንስ 4 አለ። በምስክርነት ሰዓት አንድ ወንድም ተነሥቶ «ጌታ ከመጠጥና ከዝሙት ቤት አወጣኝ» ቢል እልልታው ጣራውን ያናውጣል።

ለጆን ያለን ስብከት ግን አብዛኛውን ጊዜ ዘፍጥረት 19 ብቻ ነው። ያ ምዕራፍ የሚናገረው እንግዶችን በኃይል ለመድፈር በር ስለሚሰብር መንጋ ነው። ሕዝቅኤል 16፥49 በሰዶም ኃጢአት ላይ ትዕቢትንና ድኻን አለመርዳትን ይጨምራል። አንድ የ14 ዓመት ልጅ ሳይጠራው በመጣ ስሜት ፈርቶ በጓሮ ወንበር ተቀምጦ ሳለ ያን መንጋ «አንተ ነህ» ብለን ብናሳየው፣ ክፍሉንም ልጁንም በድለናል። ቅዱስ ቃሉ ጋብቻ የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት መሆኑን ያስተምራል፤ ይህን ትምህርት አጥብቄ እይዛለሁ፣ አስተምራለሁም። ያው ቃል ግን በ1ኛ ቆሮንቶስ 6፥9-11 ገንዘብ የሚመኙትን፣ ሰካራሞችንና ተሳዳቢዎችን በዚያው ዝርዝር ውስጥ ያስቀምጣል፤ ከዝርዝሩ ቀጥሎም ታጥባችኋል ይላል። ዝርዝሩን እየሰበክን መታጠቡን ለአንዳንዶች ብቻ ካስቀረነው፣ መንሹን ከጌታ እጅ ነጥቀናል።

በአገራችን የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 ድርጊቱን ያስቀጣል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የአዲስ አበባ የሰላምና ጸጥታ ቢሮ ድርጊቱ ይፈጸምባቸዋል ባላቸው ሆቴሎችና መጠጥ ቤቶች ላይ እርምጃ እንደሚወስድ ማስታወቁ ይታወሳል። እንግዲህ አንድ ወጣት ለመጋቢው ልቡን ሲከፍት የሚያስረክበው ትልቅ ነገር ነው፤ ቤቱን፣ ሥራውን፣ አንዳንዴም የአካሉን ደኅንነት። እኛ ወንጌላውያን መደበቅ ምን እንደሆነ አናውቅም አንልም። በደርግ ዘመን ጸሎት ቤቶች ታሽገው በየቤቱ በሹክሹክታ ስንሰበሰብ፣ ልጆቻችን ትምህርት ቤት ውስጥ «ጴንጤ» እየተባሉ ሲሰደቡ፣ የት እንደዋሉ እንዳይናገሩ አስተምረናቸዋል። የሁለቱን መደበቅ ምክንያት አንድ ነው አልልም። በልጅ ላይ የሚያሳድረው ፍርሃት ምን እንደሚመስል ግን ከእኛ የተሻለ የሚያውቅ ሊኖር አይገባም።

መጽሐፉ ጉድለት የለውም ማለቴ አይደለም። ባልድዊን ጸጋን እንደ አንድ ሌሊት መብረቅ ያሳየናል፤ ከመብረቁ በኋላ ልጁን የሚያሳድግ፣ የሚያስተምር፣ የሚታገሥ ሰው ግን በጉባኤው ውስጥ አላስቀመጠም። እናቱ ትወደዋለች፤ ኤሊሻም ሌሊቱን ሙሉ ይጸልይለታል። የሚሰማው ግን የለም። ይህ የደራሲው ምሬት ያመጣው ማጋነን ነው የሚል አንባቢ ይኖራል። ባልድዊን በ17 ዓመቱ መድረኩን ጥሎ መሄዱና በኋላ የያዘው አቋምም የእኔ መንገድ አይደለም። ቢሆንም ሰሚ አልነበረም የሚለውን ምስክርነቱን ለማስተባበል ክርክር አይበቃም፤ ሰሚ ሆኖ መገኘት ይጠይቃል።

ስለዚህ በአራዳም ሆነ በሌላ ስፍራ የምታገለግሉ፣ ሦስት ነገር እጠይቃችኋለሁ። በመድረክ ላይ በዚህ ጉዳይ አትቀልዱ፤ ቀልዱን የሚሰማው ልጅ ወደ ቢሯችሁ አይመጣም። የመጣውን ሰው ምስጢር ለሽማግሌም፣ ለወላጅም፣ ለጸሎት ቡድንም ያለ ፈቃዱ አታውጡ፤ ነጻ ትወጣለህ ብላችሁ በሕዝብ ፊት አታቁሙት። ደግሞም አንዴ ጸልያችሁ አትሸኙት፤ በሚቀጥለው ሳምንት ቅጠሩት፣ ከዚያም በሚቀጥለው። ጆን እሑድ ማለዳ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሞ ሲገባ የጎደለው ሰኞ ዕለት የሚያገኘው ሰው ነበር።