ሁሉም እጁን ሲያወጣ

ከጥቂት ዓመታት በፊት እንጅባራ ውስጥ በአንድ የእድር ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ነበር። ስብሰባው ከዙህር ሶላት በኋላ ተጀምሮ ዐስር ሊቃረብ ሲል የመጨረሻው አጀንዳ ቀረበ። አንድ የተከበሩ አባት ተነሡና ሐዘን የደረሰበት ቤተሰብ በሦስተኛው ቀን በሬ አርዶ እድርተኛውን እንዲያበላ፣ ይህም በደንባችን እንዲሰፍር ሐሳብ አቀረቡ። «የሌላው ሰፈር እድር እያደረገው እኛ ብንቀር ሰው ምን ይለናል?» አሉ። ሰብሳቢው «የሚቃወም አለ?» ብለው ግራና ቀኝ ተመለከቱ። ማንም አልተነፈሰም። «የሚደግፍስ?» ሲሉ ሁሉም እጁን አወጣ። እኔም አወጣሁ።

ወጥተን በጭቃው መንገድ ወደየቤታችን ስናዘግም ግን ሌላ ወሬ ተጀመረ። አንዱ «ይኸ ነገር ደኻውን ሊገድል ነው» አለኝ። ሌላው ጎረቤቴ ደግሞ «ሱናው እኮ ጎረቤት ለሐዘንተኛ ምግብ ሠርቶ እንዲወስድ ነው፤ ሐዘንተኛ ጎረቤቱን ይቀልባል እንዴ?» ሲል አጉረመረመ። እውነቱን ነው። ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ (ረ.ዐ.) በሙእታ ዘመቻ ሸሂድ በሆኑ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለቤተሰባቸው ምግብ እንዲሠራ ማዘዛቸውን ከመካከላችን የማያውቅ አልነበረም፤ መድረሳ የሚማሩ ልጆቻችን እንኳ ያውቁታል። ሁላችንም የምናውቀውን ሁላችንም በአንድ ድምፅ ሻርነው ማለት ነው። ዓመት ሳይሞላ ባሏ የሞተባት አንዲት እናት የምታልባትን ላም ሸጣ በሬ ገዛች። እኛም ሄደን በላን።

ይህን ነገር ምን እንለዋለን? ፍርሃት እንዳንለው የፈራነው ወታደር አልነበረም። አለማወቅ እንዳንለው እናውቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሰሎሞን አሽ የተባለ የሥነ ልቡና ምሁር አሜሪካ ውስጥ ያደረገው ሙከራ ለዚህ ጥሩ መስታወት ነው። ተማሪዎችን ሰብስቦ አንድ መስመር አሳያቸው፤ ከሌሎች ሦስት መስመሮች መካከል በርዝመት የሚተካከለውን ምረጡ አላቸው። ጥያቄው ሕፃን የሚመልሰው ነው። ነገር ግን ከአንዱ ተማሪ በቀር ሌሎቹ ሁሉ አስቀድመው የተመከሩ ነበሩና ደጋግመው በአንድነት የተሳሳተውን መስመር ጠቆሙ። ምንም ያልተነገረው ያ አንድ ተማሪ ምን አደረገ? ከተሰጡት መልሶች ሲሶ ያህሉ ዓይን የሚያየውን ትተው ጓደኞችን የተከተሉ ሆኑ። ከአራቱ ተማሪዎች ሦስቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ተሸንፈዋል።

ይህን ሙከራ የሚጠቅሱ ሰዎች ብዙ ጊዜ ሁለት ነገር ይዘላሉ። አንደኛ፣ ከመልሶቹ ሁለት ሦስተኛው ያህል ትክክል ነበር፤ ሰው ሁሉ በግ ነው የሚለው ትርጓሜ ከራሱ ከሙከራው ጋር አይስማማም። ሁለተኛውና እኔን የገረመኝ፣ ከተሳሳቱት መካከል አንድ ሰው ብቻ እውነቱን እንዲናገር ሲደረግ የዚያ ተማሪ ስሕተት ወደ አንድ አራተኛ ወረደ። አብላጫው እንደ ነበረ ሳለ አንድ ድምፅ ይህን ያህል ይሠራል።

ሆኖም አሽን የምነቅፍበት ነገር አለኝ። የእሱ ተማሪዎች ነገ ላይገናኙ ይችላሉ። እኛ ግን እጃችንን ያወጣነው ነገ ጀናዛችንን በሚሸከሙት ሰዎች ፊት ነው። በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ ከእድር የተነጠለ ሰው ልጁን ሲድር ማን ይቆምለታል? ላሙ ብትጠፋ ማን አብሮት ይፈልጋል? ይሉኝታችን እውነተኛ ዋጋ ያለው ነገር ስለሚጠብቅልን ነው የበረታብን። ይህን ሳይቆጥር «ለምን አትናገሩም» ብሎ የሚገሥጽ ሰው አገሩን አያውቅም።

ደግሞም መከተል ሁልጊዜ ሞኝነት አይደለም። ከዳንግላ ወደ እንጅባራ የሚጓዝ ሰው አዲስ ቅዳምን ሲያልፍ ግራ ቀኙን ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ያያል። ከአውስትራሊያ የመጣው ይህ ዛፍ በአራትና በአምስት ዓመት ለከሰል ይደርሳል፤ ከሰሉም በጆንያ እየተጫነ እስከ አዲስ አበባ ይሸጣል። የፋግታ ለኮማ ገበሬ ጎረቤቱ ቆርቆሮ ቤት ሲሠራ አይቶ ተከለ። መሬቱ አሲዳማ ሆኖ እህል እምቢ ሲለው፣ በመጀመሪያው ዓመት ጤፉን ከችግኙ ጋር አብሮ እየዘራ ቆይቶ ዛፉን ሲጠብቅ ምኑ ነው ጥፋቱ? እያንዳንዱ ትክክል ነበር። ነገር ግን አንዱን ዛፍ ሁሉም ተክሎት ስለነበር ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ቅጠሉን የሚያዝገው የፈንገስ በሽታ ሲገባ ከማሳ ወደ ማሳ ለመሻገር የሚያግደው አላገኘም። አንዱ ገበሬ የሌላውን ኪሳራ የሚደግፍበት የተለየ ሰብል አልነበረውም። እንግዲህ መከተል የሚያስከፍለው በዚህ መንገድ ነው፤ ሁሉም ሲያተርፍ አይታይም፣ የሚታየው ሁሉም በአንድ ቀን ሲከስር ነው።

ዛፍ ይተከላል። ሰው ሲጠፋስ? ጥቅምት 2011 ዓ.ም. ከአዊ ዞን ጋር በሚዋሰነው በሜጫ ወረዳ፣ አዲስ ዓለም በምትባል ከተማ ለጥናት የመጡ ሁለት ተመራማሪዎች «ልጆቻችንን ሊጎዱ ነው» በሚል ወሬ በተሰበሰበ ሕዝብ ተገድለዋል። ከዚያ ሕዝብ መካከል «ቆይ፣ መታወቂያቸውን እንይ» ለማለት ያሰበ ሰው አልነበረም ብዬ አላምንም። እንደ እኛ እድርተኞች የጎረቤቱን ፊት አይቶ ዝም ያለ ይመስለኛል። በቀጣዩ ዓመት ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ሞጣ ላይ መስጂዶችና የሙስሊሞች ሱቆች ሲቃጠሉ ሁላችንም አለቀስን። ማልቀሳችን ተገቢ ነው። ግን በየቤታችን፣ በየሻይ ቤቱ፣ ስለ ሌላው ወገን ወሬ ሲመጣ «ማን አየው?» ብሎ የሚጠይቀውን የራሳችንን ወጣት እንዴት እናየዋለን? ከሃዲ እንለው የለምን?

ተረትና ምሳሌዎቻችንም የሚያግዙን ለዝምታው ነው። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም» እያልን ልጅ እናሳድጋለን። «ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ» እንላለን። በደርግ ዘመን በየቀበሌው ስብሰባ የተጨበጨበው ጭብጨባ የአብዮት ብቻ ፍሬ አልነበረም፤ ከዚያ በፊት በየማዕዱ ዳር «ታላቅ ሲናገር ዝም በል» ተብሎ የተዘራ ዘር ነበረው። ያም ሆኖ «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» ያለውም ይኸው አገር ነው። ይህን ግን የምንተርተው በሌላ ሰው ላይ ስንስቅ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1961 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኬኔዲና አማካሪዎቻቸው ኩባን በስደተኞች ለማስወረር ተስማምተው በሦስት ቀን ውስጥ ተዋረዱ። ኢርቪንግ ጃኒስ የተባለ ምሁር በ1972 ይህንን መርምሮ፣ ብልሆች ተሰብስበው የጅል ውሳኔ የሚወስኑት መስማማታቸውን ከእውነቱ አብልጠው ስለሚወዱት ነው አለ። ከአማካሪዎቹ አንዱ የነበሩት አርተር ሽሌሲንገር በስብሰባው ላይ ዝም በማለታቸው በኋላ ተጸጽተዋል። ጃኒስ መፍትሔ ያለው መሪው ሐሳቡን አስቀድሞ እንዳይናገር፣ ለአንዱ ሰው ደግሞ የመቃወም ሥራ እንዲሰጠው ነው። መልካም ነው። ግን ታዝዞ የሚቃወም ሰው ቲያተር ይመስለኛል።

ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን የዙልየደይንን ታሪክ ደግሞ እንመልከት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አራት ረከዓ የሆነውን የቀን ሶላት በሁለት ጨርሰው አሰላመቱ። ከኋላቸው አቡበክርና ዑመር (ረ.ዐ.) ነበሩ፤ ለመናገር ግን በአክብሮት ፈሩ። ቸኩለው የወጡት ሶላቱ አጥሯል እያሉ ወጡ። ሰሓቦች ተሳሳቱ ለማለት አይደለም፤ ከእነዚያ ሰዎች የሚበልጥ ጀመዓ ምድር አላየችም። ያም ሆኖ ጀመዓው ዝም አለ። በዚህ መካከል ዙልየደይን የሚባል እጀ ረጅም ሰው ተነሥቶ፣ ረስተው ነው ወይስ ሶላቱ አጥሮ ነው ብሎ ጠየቀ። ነቢዩም ወደ ሰዎቹ ዞረው እውነቱን ነው ወይ አሉ። አዎን አሉ። ተመልሰውም የጎደለውን ሰገዱ። ልብ በሉ፤ ያ ሰው ከሶፉ አልወጣም፣ ጀመዓውንም አልሰደበም፣ የጠየቀው ጥያቄ ነው። ሲጠየቁ ደግሞ ሁሉም ያውቁት ነበር! ዛሬም ኢማም ሲሳሳት ከኋላ «ሱብሐነላህ» የሚለው ሰው ሶላቱን አያፈርስም፤ ያስተካክላል እንጂ። በቀን አምስት ጊዜ ትከሻ ለትከሻ ገጥመን ይህን ሕግ እንለማመዳለን፤ ከመስጂዱ በር ስንወጣ ጫማችንን እናነሣና እሱን እዚያው እንተወዋለን።

የእድሩ ደንብ እስከ ዛሬ አልተሻረም። ለሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ እንዲያዝልኝ በጽሑፍ ጠይቄ ሰብሳቢው «እስቲ እናያለን» ብለውኛል። ባለፈው ጁሙዓ ያን በጭቃው መንገድ ያጉረመረመውን ጎረቤቴን አግኝቼ ነገሩን ነገርኩት። ብዙ ዝም አለ። በመጨረሻ «አንተ ቀድመህ ከተናገርክ እኔ እከተልሃለሁ» አለኝ።