ከምናለሽ ተራ የሚጀምር ሬዲዮ

አማተር ሬዲዮ ሲባል ውድ መሣሪያና ረጅም ማማ ይታሰባል። የጀማሪው በር ግን ማዳመጥ ነው፤ ለማዳመጥ ደግሞ መርካቶ ይበቃል። ቆራሌው ከየሰፈሩ የለቀመው ዕቃ በሚደርስበት ምናለሽ ተራ፣ ከተቃጠለ ሞተር የወጣ የመዳብ ሽቦ አይጠፋም። 10 ሜትር ያህሉ ከጣሪያ ወደ ዛፍ ቢዘረጋ ለ7 ሜጋኸርዝ የሞገዱ ሩብ ይሆናል፤ ለአድማጭ ከበቂ በላይ ነው። ጥንቃቄ የሚሻው ተቀባዩ ነው፤ አማተሮች በድምፅ ሲነጋገሩ በአብዛኛው ኤስኤስቢ በተባለው ስልት ስለሚጠቀሙ፣ ተራው የአጭር ሞገድ ሬዲዮ ንግግራቸውን የዳክዬ ጩኸት ያስመስለዋል። ኤስኤስቢ የሚቀበለውን መርጦ መግዛት ነው። (አንቴናውን ግን እዚያው መርካቶ አለመዘርጋት ይሻላል፤ የብየዳውና የርካሽ ቻርጀሩ ረብሻ አያሰማም።)

«ቴሌግራም እያለ ማን ይደክማል?» የሚል አይጠፋም። መልእክት ለማድረስ ብቻ ከሆነ እውነቱን ነው። ስልክ ግን ያለ ኩባንያ ማማ ድምፅ የለውም፤ አጭር ሞገድ ከላይኛው የከባቢ አየር ንብርብር ከአዮኖስፌር እየነጠረ በራሱ አህጉር ያቋርጣል። 14 ሜጋኸርዝ በቀን፣ 7 ሜጋኸርዝ ሲመሽ ሩቁን ለምን እንደሚያመጡ የሚጠይቅ ወጣት ፊዚክስን በጆሮው ይማራል። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የዶቼ ቬለን የአማርኛ ስርጭት በአጭር ሞገድ ላደመጠ አገር ልማዱም እንግዳ አይደለም። ጠንካራው ተቃውሞ ፈቃድ ነው፤ ያለ ፈቃድ ማስተላለፍ አይቻልም፣ ተገቢም አይደለም። በ5 ኪሎው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያለውን የክለብ ጣቢያ ኢቲ3ኤኤን ለመቀላቀል የሚሄድ ጀማሪ ግን፣ የጥሪ ምልክትና የሞርስ ኮድ መለየት ከቻለ ከሥራው ግማሹን ጨርሶ ይደርሳል።