ጉዞው የሚጀምረው ከጠረጴዛው ነው

ካምፓላ ለሚኖር ሰው፣ ከወዳጆቹ ጋር ሳምንት ሙሉ በሸራ ጀልባ መጓዝ ሩቅ ምኞት አይደለም። 68,800 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል የሚሰፋው ቪክቶሪያ ሐይቅ ደጁ ላይ ነው። ከካምፓላው ሙንዮንዮ አጠገብ፣ ካዚ ላይ፣ የሸራ ጀልባ ክለብ አለ፤ ወደ ደቡብ የምድር ወገብን ሲሻገሩ ደግሞ 84ቱ የሴሴ ደሴቶች እንግዳ ይቀበላሉ። እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሜ የማደንቀው ዝግጅቱን ነው።

በካምፓላዋ ካባላጋላ ባለ የሐበሻ ምግብ ቤት ካርታ ሲዘረጋ ሁሉም ቦታውን ያገኛል፤ አንዱ መዋጮ ይሰበስባል፣ ሌላዋ ሽሮና ድርቆሽ ትቋጥራለች፣ ሦስተኛው በየሌሊቱ የት እንደሚታደር ያሰላል። በዚያው የሐይቁ ጠባይ ይጠናል። ቀን ነፋሱ ከውሃው ወደ የብስ፣ ሌሊት ከየብስ ወደ ውሃው ይነፍሳል፤ ነጎድጓዱም ብዙ ጊዜ በሌሊት ይበረታል። ስለዚህ መልህቅ ሳይመሽ ይጣላል።

ጥሩ ዕቅድ ነፍስም ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2018 በዚሁ ሐይቅ፣ ከሙኮኖ ዳርቻ፣ ከአቅሟ በላይ የጫነች የመዝናኛ ጀልባ ሰጥማ ከ30 በላይ ሰዎች አልቀዋል። የተሳፋሪውን ቁጥር አስቀድሞ መወሰን፣ ለእያንዳንዱ የሕይወት አድን ጃኬት ማዘጋጀት፣ የጀልባው መሪ «ዛሬ አንወጣም» ሲል መታዘዝ የፍቅር ሥራ ነው። እንዲህ የተዘጋጀ ቡድን ከሴሴ ደሴቶች አንዷ የሆነችው ቡጋላ ሲደርስ ተማምኖ ይደርሳል፤ ሳምንቱንም ሙሉ በሙሉ ለደስታው ያውለዋል።