ሳተላይት አለን፤ የሚሠራበት ጠረጴዛስ?

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ሲገባ ቴሌስኮፕና የከዋክብት ከፍታ የሚለካበት ኳድራንት ይዞ ነበር። እቴጌ ምንትዋብ ቁስቋም በሚገኘው ግቢያቸው አስተናገዱት። የከተማዋን ኬክሮስ ለካ፣ መሣሪያውን ጠቅልሎ ሄደ። ቁጥሩ መጽሐፉ ውስጥ ቀረ፣ ሙያው ግን አብሮት ወጣ። (ደብሩ ደግሞ ስሙ ደብረ ፀሐይ ነው!)

አሁንስ ከዚያ ምን ያህል ርቀናል? ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢቲአርኤስኤስ-1 ከቻይና ስትመጥቅ ሁላችንም ደስ ብሎናል። አብዛኛውን ወጪ የሸፈነችው ቻይና ብትሆንም የኛ መሐንዲሶች በንድፉ ተሳትፈዋል፤ እንጦጦ ላይ ሆነው የተቆጣጠሯትም እነሱው ናቸው። በዓመቱ ሁለተኛዋ፣ 9 ኪሎ እንኳን የማትሞላው ኢቲ-ስማርት-አርኤስኤስ ተከተለች። ግን ልጠይቃችሁ፦ ከሁለቱ በአገራችን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጠረጴዛ ላይ የተገጣጠመችው የትኛዋ ናት? አንዷም።

በፎቶ ብቻ ከለካናት የመጀመሪያዋ ብዙም አታዋጣም። የምስሏ ጥራት ወደ 14 ሜትር ገደማ ነው፤ የአውሮፓው ሴንቲኔል-2 ደግሞ የ10 ሜትር ምስል ለማንም በነፃ ይሰጣል። ዋናው ትርፍ ሠርቶ መማሩ ነበር፤ ያ ዕውቀት ወደ መማሪያ ክፍል የሚወርድበት መንገድ ግን በጣም ጠባብ ነው።

ሌላው ዓለም ከየት ጀመረ? የእንግሊዙ ሰሪ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ሳተላይቱን በ1981 አመጠቀ፤ ከአራት ዓመት በኋላ በ100 ፓውንድ ካፒታል ድርጅት አቋቋመ፤ ያ ድርጅት ዛሬ ለብዙ አገሮች ሳተላይት ሠርቷል። ሩቅ ነው ካላችሁ ወደ ደቡብ አፍሪካ እንውረድ፦ የስቴለንቦሽ ተማሪዎች የሠሯት ሰንሳት በ1999 መጠቀች፣ በማግሥቱ ዓመት ሰንስፔስ የተባለ ኩባንያ ተወለደ። የጋና ኦል ኔሽንስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ጃፓን ሄደው ሠርተው በ2017 ትንሿን ጋናሳት-1ን ሕዋ አድርሰዋል። በእንግሊዝም በደቡብ አፍሪካም ላቦራቶሪው ቀደመ፣ ኩባንያው ተከተለ። እኛ ዘንድ ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል፦ የስታርታፕ ውድድር አለ፣ ፒች አለ፣ ሰርተፍኬት አለ፤ መበየጃ ያለበት ጠረጴዛ ፈልጉ ብትባሉ ግን ትደክማላችሁ። ተማሪው ሳተላይቱን በማትላብ ሲሙሌት አድርጎ ይመረቃል፤ ምክንያቱም የ20 ዶላር ዕቃ በግዥና በውጭ ምንዛሪ ወረፋ አልፎ እስኪመጣ ድረስ ትምህርቱ ያልቃል።

ሁሉም ጨለማ ነው አላልኩም። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አዮኖስፌርን ሲያጠና ዓመታት አስቆጥሯል፤ ይህ በእኔ እይታ ከሳተላይቶቹ የበለጠ ብልህ ምርጫ ነው። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ስለሚያልፍ፣ 100 ኪሎ ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ጅረት ከራሳችን በላይ ይፈሳል፤ በዚህ ቀጣና ያለው አዮኖስፌር የጂፒኤስ ምልክትንም ያዛባል። እንዲህ ያለ ሰማይ ሌላው አገር በገንዘብ አይገዛውም።

ጎንደርስ? ዩኒቨርሲቲው በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲጀመር ተማሪዎቹን በቡድን አድርጎ ወደ ጤና ጣቢያ መላክ የትምህርቱ አካል ነበር። በሽተኛ ነክቶ የማያውቅ ሐኪም ማስመረቅ ነውር ነው። ታዲያ ሲግናል ተቀብሎ የማያውቅ የኮሙኒኬሽን መሐንዲስ ለምን ነውር አይሆንም? የሩሲያዎቹ ሜቴዎር የአየር ሁኔታ ሳተላይቶች በ137 ሜጋኸርዝ አካባቢ ምስል ይልካሉ። ለመቀበል ላፕቶፕ፣ ርካሽ የዩኤስቢ ሬዲዮ መቀበያና ሁለት ዘንግ አሉሚኒየም በቂ ነው። አሉሚኒየሙን በርና መስኮት የሚሠሩ ቤቶች ይቆርጡላችኋል። አንዱ ሰሚስተር ላይ አንድ ቡድን ይህን ይዞ ቁስቋም ኮረብታ ላይ ቢወጣ፣ የጣናን ደመና ራሱ አውርዶ ያያል።