«ድብልቅ ይዘት» ወይስ «ጥምር ይዘት»? ስለ አንድ ሙያዊ ቃል አሰያየም

በ1990 ዓ.ም. በወጣው በኤክስኤምኤል የጽሑፍ አደራጃጀት ሥርዓት፣ ተራ ጽሑፍና መለያ የተሰጣቸው ቃላት በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ተሰናስለው ይገኛሉ። ይህን ሁኔታ «ድብልቅ ይዘት» ብሎ መሰየም ይቀላል፤ ሆኖም ስያሜው አሳሳች ነው። ጉዳቱም ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ይበረታል።

ዲላ ላይ የጌዴኡፋና የአማርኛ መዝገበ ቃላት የሚያሰናዳ ባለሙያ «ከእንሰት ሥር ቡና ይበቅላል» የሚል ምሳሌ አስገባ እንበል። «እንሰት» እና «ቡና» የተክል ስም መለያ ሲሰጣቸው፣ «ከ»፣ «ሥር» እና «ይበቅላል» ከመለያው ውጭ ይቀራሉ። ጽሑፉ በኤክስኤስኤልቲ አማካይነት ወደ ኅትመት መልክ ሲለወጥ መለያ ያላቸው ብቻ ከተመረጡ፣ የሚተርፉት ሁለት ስሞች ናቸው፤ የትኛው ከየትኛው ሥር እንደሚበቅል አይታወቅም። በአንጻሩ ንባቡ ብቻ በጅምላ ከተወሰደ ዐረፍተ ነገሩ ይተርፋል፤ የተክል ስሞቹን የሚለየው ምልክት ግን ይጠፋል።

የቃላት ክፍተትም እንደዚሁ ነው። መለያ ያላቸው ሁለት ስሞች ጎን ለጎን ሲውሉ፣ ባዶ ቦታን የሚያስወግድ ትእዛዝ «እንሰት ቡና» የሚለውን «እንሰትቡና» ያደርገዋል። በመካከላቸው ሁለት ነጥብ (፡) ቢኖር ኖሮ ይህ ባልደረሰ ነበር፤ ሁለት ነጥብ በሥርዓቱ ዘንድ ፊደል እንጂ ባዶ ቦታ አይደለምና። በተቃራኒው፣ ለዐይን እንዲያምር መስመር እየሰበረ የሚጽፍ መሣሪያ «ከ»ን ከ«እንሰት» ነጥሎ ቃሉን ይሰብረዋል። መስተዋድድን ከስም ጋር አጣብቆ ለሚጽፍ ቋንቋ ይህ ቀላል ስሕተት አይደለም።

ትክክለኛው አሠራር እያንዳንዱን ክፍል በተራው መጎብኘት ነው፤ ተራው ጽሑፍ እንዳለ ያልፋል፣ መለያ ያለውም በቦታው ሆኖ የራሱን ደንብ ያገኛል።

«ድብልቅ» ግን እንደተቀላቀለ ዱቄት የማይለይ፣ ቅደም ተከተልም የሌለው ነገርን ያሳስባል። የተሻለው አርአያ መስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት በተመዘገበው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር ይገኛል። በዚያ ጥምር ግብርና ትልልቅ ዛፎች ለእንሰት ጥላ ይሆናሉ፤ ከእንሰቱ ሥር ቡና ይበቅላል። ሁሉም በየደረጃው ይታወቃል፤ አንዱ ቢነሣ ሌላው ይጎዳል።

«ጥምር» በሰዋስው «ጥምር ቃል» ተብሎ መያዙ መቃወሚያ ሊሆን ይችላል። ይሁንና «ይዘት» የሚለው ተከታይ ቃል መስኩን ስለሚወስን መምታታት አይኖርም። ስለዚህ «ጥምር ይዘት» የሚለው አቻ ቢጸድቅ ይመረጣል፤ ስሙን የሰማ ተርጓሚ በመለያዎቹ መካከል ያለውን ጽሑፍ ለመጣል አይደፍርምና።