ከሶፍትዌሩ በፊት ግልባጩ

ወደ ዳታ ማዳን ሥራ አዲስ የሚገባ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «የትኛው ሶፍትዌር ይሻላል?» ጥያቄው በተነሳ ቁጥር ነባሮቹ ጎራ ለይተው ይከራከራሉ። አንዱ አር-ስቱዲዮን፣ ሌላው ዲኤምዲኢን፣ ሦስተኛው ዩኤፍኤስ ኤክስፕሎረርን ያወድሳል፤ ገንዘብ ማውጣት የማይፈልገው ደግሞ የክሪስቶፍ ግሬኒዬ ቴስትዲስክና ፎቶሬክ ይበቃሉ ይላል። እኔ ክርክሩ ቦታውን ስቷል ባይ ነኝ። ደህና በሆነ ዲስክ ላይ የእነዚህ ፕሮግራሞች ውጤት ተቀራራቢ ነው። ፋይሉ መዳን አለመዳኑን አብዛኛውን ጊዜ የሚወስነው ከስካኑ በፊት የተሠራው፣ ወይም ሳይሠራ የቀረው ነው፦ ዲስኩን ሴክተር በሴክተር ወደ ሌላ መገልበጥ፣ ዋናውን ነቅሎ ማስቀመጥ፣ ፍለጋውን ሁሉ በግልባጩ ላይ ማካሄድ።

እየሞተ ያለ ሃርድ ዲስክ የቀረው ንባብ የተቆጠረ ነው። አንድ ሴክተር አልነበብ ሲል ዲስኩ ራሱ ደጋግሞ ይሞክራል፤ ዊንዶውስ በላዩ ላይ እንደገና ያዘዋል፤ የዲስኩ ማንበቢያ ሄድም በተጎዳው ስፍራ ላይ መመላለሱን ይቀጥላል። የስካን ፕሮግራም ደግሞ የፋይል ሲስተሙን መዋቅር እየተከተለ ወዲያና ወዲህ ይዘላል፤ ሁሉንም አንብቦ ከጨረሰ በኋላ «ሴቭ» ሲባል ያንኑ ዳታ ዳግም ከዲስኩ ይጠይቃል። ዲስኩ ስለ ራሱ ጤና በሚይዘው የስማርት ሰንጠረዥ፣ የተጎዱ ሴክተሮችን በሚቆጥሩት መለያ 5 እና 197 ላይ ቁጥሩ እየጨመረ ላለ ዲስክ ያ ሁለተኛ ንባብ ላይመጣ ይችላል። የአንቶንዮ ዲያዝ ዲያዝ ሥራ የሆነው የመገልበጫ ፕሮግራም ጂኤንዩ ዲዲሬስኪው ግን አካሄዱ ሌላ ነው። መጀመሪያ በቀላሉ የሚነበበውን ሰፊ ክፍል በፍጥነት ያወጣል፤ እንቢ ያለውን ዘሎ ያልፋል፤ ከዚያ የተዘለለውን ከዳር ከዳር እያነበበ ያጠብባል፤ በየሴክተሩ የሚታገለው መጨረሻ ላይ ብቻ ነው። የደረሰበትንም ሁሉ በማፕ ፋይል ስለሚመዘግብ መሃል ላይ ቢቋረጥ ካቆመበት ይቀጥላል። መብራት ሳይነገር በሚሄድበት ከተማ ለሚሠራ ቴክኒሺያን ይህች አንዲት ፋይል ከብዙ ውድ ላይሰንስ ትበልጣለች።

የዚህ አሠራር ትልቁ ተቃዋሚ ከዊንዶውስ ጋር በነፃ የሚመጣው ቼክዲስክ ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ ፓርቲሽኑ «ፎርማት ይደረግ» የሚል መልእክት ካመጣ፣ ብዙ ሰው እጁ የሚሄደው ወደ እሱ ነው። ቼክዲስክ ግን የተሠራው የፋይል ሲስተሙ ከራሱ ጋር እንዲስማማ ለማድረግ ነው፤ የደንበኛውን ፎቶ ማትረፍ ሥራው አይደለም። በዊንዶውሱ የፋይል ሲስተም በኤንቲኤፍኤስ የእያንዳንዱ ፋይል ስም፣ ቀንና አድራሻ የተጻፈው ኤምኤፍቲ በሚባለው ሰንጠረዥ ውስጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ 1024 ባይት በሆነች መዝገብ ላይ ነው። የሰንጠረዡ መጠባበቂያ ቅጂ የሚይዘው ግን የመጀመሪያዎቹን ጥቂት መዝገቦች ብቻ ነው። ስለዚህ ቼክዲስክ «የማይስማማ» ብሎ የሰረዘው መዝገብ የሚመለስበት ቦታ የለም፤ ቁርጥራጩም ቢተርፍ ስም አልባ ሆኖ አንድ ፎልደር ውስጥ ይከመራል። «ስንት ጊዜ ሠርቶልኛል» የሚል መልስ ይሰማል። ይሠራል፤ ግን የሠራባቸው ዲስኮች በግልባጭም ይድኑ የነበሩ ናቸው። ያበላሻቸውን ደግሞ የሚቆጥር የለም፤ ደንበኛው «ዲስኩ ሞቷል» ተብሎ ተሸኝቷልና። ቼክዲስክን የወደደ በግልባጩ ላይ ይሞክረው፤ ቢያበላሽ እንደገና ይገለበጣል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የጊዜና የገንዘብ ነው። ደንበኛው ቸኩሏል፣ መቀበያ ዲስክ ደግሞ ዋጋ አለው። ሒሳቡን እንሥራው። 1 ቴራባይት በሴኮንድ 100 ሜጋባይት ቢነበብ ሦስት ሰዓት አይሞላም፤ ጥልቅ ስካኑም ያንኑ ዲስክ ከዳር እስከ ዳር ማንበብ አለበት። አንድ ጊዜ ብቻ ስካን ለሚያደርግ ሰው ግልባጭ ትርፍ ጊዜ ይወስዳል፤ አንድ ስካን የሚበቃው ሥራ ግን ጥቂት ነው። ለምሳሌ በኤፍኤቲ32 ፍላሽ ላይ የተሰረዘ ፋይል የሚጠፋበት የስሙ የመጀመሪያ ባይትና የክላስተር ሰንሰለቱ ነው፤ ዳታው ሌላ እስኪጻፍበት ይቆያል። ሰንሰለቱ ከሌለ እያንዳንዱ ፕሮግራም የቀረውን በግምት ነው የሚቀጥለው፤ ግምታቸውም አንድ ስላልሆነ ከአንድ በላይ መሞከር ግድ ይሆናል። ፎቶሬክ ደግሞ በፋይሉ መለያ ባይቶች ስለሚፈልግ ስምና ፎልደር አይመልስም። የተገኘ ፋይልም በስህተት ሊጣል ይችላል፦ በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ የአማርኛ መጻፊያ ዘመን የተጻፈ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደል ዝባዝንኬ መስሎ ይታያል፤ የማያውቅ ቴክኒሺያን «ተበላሽቷል» ብሎ ይጥለዋል። ግልባጩ ካለ ነገ የሚያውቅ ሰው መጥቶ እንደገና ይፈልገዋል። መቀበያ ዲስኩም በአንድ ሥራ አያልቅም፤ ተጠርጎ ለሚቀጥለው ደንበኛ ያገለግላል።

ከባዱ ተቃውሞ የኤስኤስዲ ነው፤ እሱን አልክድም። ከዊንዶውስ 7 ወዲህ ፋይል ሲሰረዝ ሲስተሙ ለዲስኩ «ይህ ቦታ አያስፈልግም» የሚል የትሪም ትእዛዝ ይልካል። ትእዛዙን የተቀበለ አብዛኛው ዲስክ ቦታው ሲነበብ ዜሮ ይመልሳል፤ ዜሮን ደግሞ መቶ ጊዜ ቢገለብጡት ያው ዜሮ ነው። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ይህ ተቃውሞ ግን ከእኔ ይልቅ የሚጎዳው «ተአምረኛ ሶፍትዌር አለኝ» ባዩን ነው፤ የትኛውም ስካን ዲስኩ የማይሰጠውን አያገኝም። ትእዛዙ ገና ያልደረሰበት ነገር ካለም የሚያተርፈው ቶሎ ከኤሌክትሪክ መንቀልና ከዚያ በንባብ ብቻ መቅረብ ነው። ኤስኤስዲ የሚጨምርብን ግዴታ ለደንበኛው እውነቱን በመጀመሪያው ሰዓት መንገር ነው።

በዚህ ነገር ግትር የሆንኩት ለፍጥነት ወይም ለገቢ ብዬ አይደለም። በዚህ ሙያ ውስጥ የሚያስፈራው አለማወቅ ሳይሆን የማይመለስ ነገር ማድረግ ነው። ግልባጭ የያዘ ሰው ሊሳሳት ይችላል፤ ፕሮግራም ሊቀያይር፣ ያልሞከረውን ሊሞክር፣ ለጀማሪም «ግባና እየው» ሊለው ይችላል። ዋናው ዲስክ ላይ የሚሠራ ግን የሚማረው በሰው ሠርግና በሰው ሒሳብ መዝገብ ላይ ነው። ለእኔ የሙያው ክብር ያለው በዚህ ልዩነት ላይ ነው። ግልባጩ ራሱ የሚያስከትለው ዕዳም አለ፤ የደንበኛው ሕይወት ሙሉ በሙሉ በእኛ ዲስክ ላይ ተቀምጧልና፣ ሥራው ሲያልቅ ዳታውን አስረክቦ፣ ተከፍቶ መታየቱን አብሮ አረጋግጦ፣ ግልባጩ ላይ ዜሮ መጻፍ ያስፈልጋል። ስለዚህ «የትኛው ሶፍትዌር?» ለሚለው አዲስ ገቢ መልሴ ይህ ነው፦ የወደድከውን ግዛ፤ ግን ከሱ በፊት ባዶ ዲስክ ግዛ።